ከእኔ ጋር ናት
ቨርና ኮቫልስኪ ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ፣ በስድሳ አምስት ዓመቷ ሙሉ ሱፍ አሰፍታ ፕሮም፣ ማለትም የተመራቂ ተማሪዎች የጭፈራ ድግስ፣ ሄደች። የኛ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ፕሮም ነው። በአሥራ ስምንት ዓመታችን ከወደድነው ሰው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘን መግባት ስላልቻልን፣ ጉልበታችን ከከዳን በኋላ እንጨፍራለን። የሚጀምረው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ግማሾቻችን ከመሸ መኪና መንዳት አንችልማ።

በዴይተን ከተማ ባለው አዳራሻችን አንድ ሕግ አለ። ብቻውን የሚገባ ሰው የለም። አንድ ሰው ከውስጥ በሩ ድረስ መጥቶ «ከእኔ ጋር ነው» ወይም «ከእኔ ጋር ናት» ካላለ፣ በር ጠባቂው ኦቲስ ንቅንቅ አይልም። ሕጉ ለምን እንደወጣ ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ ያኔ በወጣትነታችን ሁላችንም በር ላይ ወይ ተክደናል ወይ ክደናል።

ቨርና ከካዱት ናት። በአሥራ ስምንት ዓመቷ፣ በትምህርት ቤቷ ፕሮም ቀን፣ ዶሪን ፕሩት በእጇ የሰፋችውን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ በዝናብ በእግሯ መጥታ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ «ቨርና ትጠብቀኛለች» አለች። በሩን የሚጠብቀው አዲስ መምህር ቨርናን ጠርቶ «ይቺን ልጅ ታውቂያታለሽ?» ሲላት፣ ሦስት ዓመት አንድ ወንበር ላይ አብራት የተቀመጠችውን ልጅ ዓይን ዓይኗን እያየች «አላውቃትም» አለችው። ዶሪን በዝናቡ ተመለሰች፣ በዚያው ክረምት ከተማውን ለቀቀች። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት መሞቷን ቨርና ከጋዜጣ አነበበች። ይቅርታ ሳትጠይቃት መቅረቷ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ሱፏን ለብሳ አዳራሻችን የመጣች ቀን ቨርናን «ከእኔ ጋር ናት» ብሎ ያስገባት ራሱ ኦቲስ ነው፤ ድሮ ጠጉር ሠሪ ነበር፣ አሁንም ምላሱ አላረፈም።

«እስቲ ዙሪ ልይሽ። አንቺ ሴትዮ፣ ሙሽራ መስለሽ የለም እንዴ?»

«ሂድ ወደዚያ፣ ቀብር አስፈጻሚ ነው የምመስለው።»

ሁለተኛው ዘፈን ላይ ኦቲስ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

«በር ላይ አንዲት ልጅ አለች። ቨርናን ጥሩልኝ ትላለች።»

«የማን ልጅ?»

«እኔ ምን አውቄ። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው፣ የሷ ጠጉር ግን ውኃ ያንጠባጥባል።» ወደ በሩ መለስ ብሎ አየ። «ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም።»

አፏ ቀደማት። ታዝናለህ እንጂ አትፈርድባትም፤ ሰው ሲጠይቀን መካድ ለምዶብን ሳናስብ ነው የሚወጣን።

«እንግዲያው እመልሳታለሁ» ብሎ ኦቲስ ዞረ።

ቨርና ወንበሩን ገልብጣ ተነሳች፣ ኦቲስን ገፍታ አለፈችና በሩ ላይ ደረሰች። ማንም የለም። መኪና ማቆሚያው ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ደፉ ላይ ግን ሁለት የትናንሽ ጫማዎች እርጥብ ዱካ አለ፣ ጫፋቸው ወደ ውስጥ የዞረ። ቆማ እያየች፣ ከጎናቸው ሌላ ዱካ ታተመ። እሱ ግን ለመሄድ እንደተነሳ ሰው ወደ ውጭ የዞረ ነበር።

«ከእኔ ጋር ናት» አለች ቨርና። ድምፅዋ ስለተሰበረ ደገመችው፤ በሁለተኛው አዳራሹ በሙሉ ሰማት። «ዶሪን ትባላለች። ውሸቴን ነበር ኦቲስ፣ አውቃታለሁ። ያኔም ውሸቴን ነበር። ከእኔ ጋር ናት።»

ኦቲስ ባዶውን ደፍ አየ፣ ቨርናን አየ። ከዚያ ሕግ ሕግ ነውና የበሩን ሁለተኛ ክፋይ ከፍቶ ጥግ ያዘ።

«ግቡ እንግዲህ» አለ።

ቨርና ክንዷን አጥፋ ጠበቀች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ የአዲሱ ሱፏ እጅጌ፣ ክርኗ ላይ፣ ቀስ እያለ ረጠበ።