ከአማቴ ኮርኒስ የተንጠለጠልኩ ቀን

ውሸት ነው! መንጠልጠሉን ተንጠልጥያለሁ፣ እሱን አልክድም። «ልጅቱን ካልሰጣችሁኝ አልወርድም ብሎ ኮርኒስ ላይ ተንጠለጠለ» የምትሉት ግን ነጭ ውሸት ነው። አሶሳ ውስጥ ባጃጄ ላይ የሚሳፈረው ሁሉ ገና ሳይቀመጥ «ያ የተንጠለጠለው አንተ ነህ አይደል?» ይለኛል። አዎ እኔ ነኝ! የት እንደምትወርድ ንገረኝና ዝም በል!

«ታዲያ ምን ልታደርግ ወጣህ?» ትለኛለህ። ልነግርህ ነው፣ አታቋርጠኝ።

እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። እሱንም አልጨረስኩትም። አንድ መምህር ከክፍል አስወጡኝና «ወላጅ ይዘህ ና» አሉኝ። ወላጅ አልያዝኩም፣ ከዓመታት በኋላ ባጃጅ ይዤ መጣሁ። ያኔ ጡረታ ወጥተዋል፣ ሴት ልጃቸው ደግሞ ደርሳለች። በዚህ ከተማ እንደኔ ባጃጅ የሚነዳ የለም፤ ጉድጓዱን ሁሉ በስም አውቀዋለሁ። ልጅቱ በባጃጄ ስትመላለስ ወደደችኝ። እኔም ወደድኳት፣ ግን ቀድማ የወደደችኝ እሷ ናት። እሷ ሌላ ትላለች፣ አትስማት።

ሽማግሌ ላክሁ። ጋሼ፣ ያ መምህር የነበሩት አባቷ፣ ለሽማግሌዎቹ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ልጁን በሥራ ልየው።» ትልቋ ልጃቸው ከአዲስ አበባ ሻንደሌር ልካላቸዋለች፣ ያ እንደ ወይን ዘለላ ጠርሙስ የሚንጠለጠልበት የሳሎን መብራት። ማንንም ስለማያምኑ ከነካርቶኑ አልጋ ስር ተኝቷል። «ጥሩ ባለሙያ መርጦ ያምጣና ያሰቅልልኝ። እናንተ የዚያኑ ቀን አስር ሰዓት ኑ፣ መልሴን እነግራችኋለሁ» አሉ። ገባህ? ባለሙያ መምረጥ ያልቻለ ሚስት እንዴት ይመርጣል ማለታቸው ነው። የኔ ትዳር በአንድ አምፖል ሰቃይ እጅ ወደቀ ማለት ነው።

እኔ ደግሞ የማላውቀው ሰው የለም። የመረጥኩት ፓዌ ያደገ፣ አሶሳ ውስጥ አሉ የሚባሉ ሆቴሎችን መብራት የሰቀለ ሰው ነው። እጁ ላይ እንከን የለበትም። ያለበት አፉ ላይ ነው። እሱን ግን ማንም አልነገረኝም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ቀጠርኩት። ሦስት ሰዓት ላይ ስደውል «መንገድ ላይ ነኝ» አለኝ። ከኋላው ሚስቱ «ወጥ ልጨምርልህ?» ስትል እሰማለሁ። የትኛው መንገድ ላይ ነው ወጥ የሚጨመረው? በመጨረሻ ራሴ ሄጄ ከቤቱ ጎትቼ አወጣሁት፣ ከሰዓት ሆኗል። ባጃጁ ውስጥ እንደተቀመጠ «ይሄን ሞተር ማነው የፈታው? አበላሽቶብሃል» አለኝ። የፈታሁት እኔ ነኝ። ለጋብቻዬ ስል ዋጥ አደረግሁት።

ጋሼ ኮት ለብሰው በር ላይ ቆመው ነበር።

«ፋዘር፣ ሰላም ነው?» አላቸው።

እኔ አማቴ ሊሆኑ ያሉትን ሰው እንኳን ፋዘር ልላቸው፣ በሙሉ ዓይኔም አላያቸውም! ጋሼ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት አየሁ።

ሰውዬው ሻንደሌሩን ፈታትቶ ጠርሙሱን በሙሉ ሳሎኑ መሃል ያለው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ኤሌክትሪኩ እንዳይዘው ከቆጣሪው ባልቦላውን ነቀለ፣ መሰላሉን አቆመ፣ ወጣ። ኮርኒሱ የዚሁ የኛው አገር ቀርከሃ ነው፣ ተፈልጦ የተሠራ። አንዱን ንጣፍ ገፋ አድርጎ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ከላይ ድምፁ መጣ።

«ኧረ ጉድ! ማነው ይሄን የሠራው?»

ጋሼ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

«ይሄ ኤሌክትሪክ ነው ወይስ ሹሩባ? ጥቁሩን ከቀዩ፣ ቀዩን ከቢጫው! ናስትሮ አጥቶ በፌስታል ነው የጠቀለለው እኮ! ይሄን የሠራ ሰው አንድም ሰክሯል፣ አንድም ባለቤቱን ይጠላል።»

ባለሙያ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ታውቃለህ። ግንበኛ ብትጠራ የፊተኛውን ግንበኛ ይሰድባል። ልብስ ሰፊ ብትሄድ «ማን ሰፋልህ?» ብሎ ይስቃል። ከሱ በፊት የነካውን ካልሰደበ ሥራ የጀመረ አይመስለውም። ስለዚህ እኔም ለጋሼ ያሰብኩ መስሎኝ ገባሁበት።

«አጭበርብረዋቸው ነው! እንዲህ ያለ ገልቱ እኮ መታሰር ነበረበት» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ልጅቱ ከጓዳ በር ላይ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። አድናቆት መሰለኝ። ጨመርኩበት። «እጁን ነበር መቁረጥ!»

ያኔ እናቷ ቀስ ብለው፣ «እሳቸው ናቸው እኮ የሠሩት» አሉ።

ጋሼ ከጎጃም ተመድበው የመጡ ጊዜ አሶሳ ውስጥ ባለሙያ ስላልነበረ በገዛ እጃቸው ነው የዘረጉት። እስከዛሬ በርቷል። ሰውዬው ጭንቅላቱን ከኮርኒሱ አወጣ፣ አቧራ በአቧራ ሆኗል፣ ጋሼን ከላይ እስከታች አያቸው።

«ለዚህ ነዋ!» አለ።

ለዚህ ነዋ! ይቅርታ አይደለም፣ ውይ አይደለም፣ ለዚህ ነዋ! በፒንሳው ምላሱን ብይዘው ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሼ በሁሉም ነገር እምቢ አሉ። ሰውዬው የጣሪያው ዋና እንጨት ላይ ፌሮ አስሮ ጫፉን መንጠቆ አድርጎ አወረደው፤ እውነት እንነጋገር ከተባለ ቆንጆ ሥራ ነው። ጋሼ ግን «ይሄ ቀርከሃ ያን ሁሉ ጠርሙስ አይሸከምም፣ ነገ ሰው ላይ ይወርዳል» አሉ።

«ፋዘር፣ የሚሸከመው ቀርከሃው አይደለም፣ እንጨቱ ነው። በሬ ቢሰቀልበት ይችላል።»

«በሬ የለኝም» አሉ ጋሼ።

ሰውዬው ዙሪያውን አየና ዓይኑ እኔ ላይ ቆመ። «እሱ አለ» አለ።

እምቢ ማለት እችል ነበር? ልጅቱ እያየች? እኔ ደግሞ ጡንቻ የለኝም እንዳትል፣ ባጃጅ ብቻዬን አንስቼ ገልብጫለሁ። ጓሮ የነበረውን የአካፋ እጀታ መንጠቆው ላይ አግድሞ አሰረልኝ። መሰላሉን ወጣሁ፣ በሁለት እጄ ያዝኩት። ሰውዬው «ሙሉ ክብደትህ ይረፍበት» ብሎ መሰላሉን ከስሬ ወሰደ። ያኔ ስልኩ ጠራ።

«ሃሎ? አዎ፣ መንገድ ላይ ነኝ!» እያለ ወጣ። መሰላሉን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ እኔን አየር ላይ ትቶ!

«ዝለል ነበራ!» ትለኛለህ። ወዴት ልዝለል? ከስሬ የጋሼ ጠርሙስ ሁሉ እንደ ሰርግ ቤት ሰሃን ተዘርግቷል። አንዱን ብሰብር በቃ፣ ልጅቱ የሌላ ሰው ናት። ልጅቱ መሰላሉን ልታመጣ ስትነሳ ጋሼ በእጃቸው አገዷት።

«ተይው። ይፈተን።»

እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ቆሙ። እኔን አይደለም የሚያዩት፣ ፌሮውን ነው። እስኪበጠስ ይጠብቃሉ! ከቀርከሃው ውስጥ የስንት ዓመት አቧራና የአይጥ ነገር እየዘነበ ኮታቸው ላይ ያርፋል፣ እሳቸው ንቅንቅ የለም። ጣቶቼ የኔ መሆናቸውን ተዉት።

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳና ሽማግሌዎቼ ገቡ። አስር ሰዓት ሆኗላ! ሰውን ሁሉ አስረፍዶ ሽማግሌ ብቻ በሰዓቱ ያመጣል ይሄ አገር።

የሽማግሌዎቹ አውራ የናቴ ጎረቤት ናቸው፣ በርታ ናቸው፣ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ አማርኛቸው ከአረብኛ የተቀላቀለ፣ የተከበሩ ሰው። «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገና ሳይጨርሱ ቀና አሉ።

«ያ ልጄ! ምን ሆነ? ላይ ምን ይሠራል አንተ?»

«መብራት እየተሰቀለ ነው አባባ!»

ከኋላቸው ያለው ሽማግሌ፣ «መልሱን ሳንሰማ ሰቀሉት እንዴ!» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። የጋሼ ጎረቤት የሆነች አንዲት ሴትዮም ያኔ ነው በመስኮት ያየችኝ። ያንን ወሬ ማን እንደነዛው አሁን ገባህ?

ሰውዬው ስልኩን ጨርሶ መጣና መሰላሉን አመጣልኝ። ወረድኩ። ጣቶቼ አልዘረጋ ብለው እንደ ዶሮ እግር ቀሩ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። በዚህች ሰዓት ማንም ሰው፣ ዕብድም ቢሆን፣ ወጥቶ ይጠብቃል። ይሄኛው ግን ሻንደሌሩን ይዞ መሰላሉ ላይ ወጣ!

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ የመጣነው ለታወቀው ጉዳይ ነው። ልጅህ ለልጃችን...»

«ፋዘር!» አለ ከላይ። «ይቺ ደግሞ የሬዲዮ ገመድ ናት እኮ!»

ጋሼ ጥርሳቸውን ነከሱ።

«ወላሂ ጥሩ ልጅ ነው» ቀጠሉ አባባ። «እኛ ዋስ...»

«ጓዳ ያለውንም እርስዎ ነዎት የሠሩት? በቃ ቤቱ በሙሉ መነቀል አለበት። ነገ ከጠዋት እመጣለሁ።»

«አይመጣም!» አልኩ እኔ።

«ከመጣሁ አይቀር የደጁንም...»

«ዝም በል አንተ ሰውዬ!»

«ለናንተ ብዬ ነው! ፋዘር እኮ በዚህ ገመድ...»

ጋሼ ብድግ አሉ። እንዲህ ሲጮሁ የሰማኋቸው እኔን ከክፍል ያስወጡኝ ቀን ብቻ ነው።

«እሺ! ሰጥቻለሁ! ልጄን ሰጥቻለሁ፣ ይውሰዳት! ይሄን ሰውዬ ብቻ ከቤቴ ያውጣልኝ!»

አባባ ብልህ ሰው ናቸው። ሰውዬው ሌላ ቃል ሳይጨምር፣ ጋሼም ሳይመለሱበት፣ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱና «አሜን በሉ!» አሉ። ሁሉም አሜን አለ። ልጅቱም ከጓዳ አሜን አለች። ከመሰላሉ ላይም፣ «አሜን! የድንኳኑን መብራት እኔ ነኝ የምዘረጋው» የሚል መጣ።

እኔ ግን አስጨርሼ ነው ያስወጣሁት። የመጨረሻዋ ጠርሙስ ገብታ፣ ባልቦላው ተመልሶ፣ ሳሎኑ ቦግ ካለ በኋላ በኮሌታው ይዤ ባጃጅ ውስጥ ወረወርኩት። እስከ ቤቱ ድረስ ስለ ሞተሬ ነው ያወራው።

እንግዲህ ፍረድ። ልጅቱ ስትሰጠኝ እኔ መሬት ላይ ቆሜ ጣቴን እያሸሁ ነበር፣ አየር ላይ የነበረው እሱ ነው። አላምንም ካልክ የአሶሳ ሰው የት ይሄድብሃል? ሂድ። አባባን ጠይቅ። ያቺን የመስኮቷን ሴትዮም ጠይቅ፣ ዓይኔን እያየች ትድገመው። ከደፈርክ አማቴን ራሳቸውን ጠይቅ። ሰውዬውንም ጠይቀው፣ ግን ደጅ አቁመህ ጠይቀው፣ ቤት እንዳታስገባው!