ለሽርሽር የተተከለው የዕድር ድንኳን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ሱቅ ውስጥ በርበሬ እየመዘንኩ ድንገት ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ደንበኞቼም "ምን ነካት ይቺ?" እያሉ ያዩኛል። እስቲ ምን እንደነካኝ ልንገራችሁ።

መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ሱቅ አለን። ማለቴ ሱቁ የእናቴ ነው፤ እኔ እየታዘዝኩ ያደግኩበት ነው። ያን ሰሞን እማዬ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተደርጋ ነበር። ሐኪሙ "ድነዋል፣ ወደ ሥራዎ ይመለሱ" ቢላትም የሰማችው አይመስልም። ሱቅ መምጣቱን ተወች። የክት ቀሚሷን አውጥታ ለጎረቤት ሰጠች። ወሬዋ ሁሉ "እኔ ከሞትኩ በኋላ" ሆነ። ወጡ ጨው በዛበት ስንላት እንኳን "እኔ ከሞትኩ በኋላ አልጫ አልጫውን ትበላላችሁ" ትለናለች።

መሞቱ ራሱ አይደለም የሚያስጨንቃት። ተክለ ሃይማኖት ያለው ሰፈራችን ግማሹ ፈርሶ፣ የድሮ ጎረቤቶቻችን በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። "ድሮ ብሞት ኖሮ ድንኳኑ ሰዉን አይችለውም ነበር። አሁን ማን መጥቶ ያለቅስልኛል?" ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ብንቆጣት፣ ብንለምናት፣ የነፍስ አባቷን ብናመጣባት፣ ወይ ፍንክች!

ወንድሜ ሳምሶን ደግሞ ሐሳብ አያልቅበትም። "ንጹህ አየር ነው የሚያስፈልጋት፤ ካምፕ እንውጣ" አለ። ከከተማ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር አንድ ደን አለ፤ ሰው ድንኳን ተክሎ የሚያድርበት ቦታ ተከልሎለታል። እማዬን በስንት ልመና እሺ አሰኘናት። "እሺ፣ አፈሩንም ልየው" አለች። ይሄም እሺታ ነው ብለን ተነሳን።

ሳምሶን ለካምፕ የሚከራዩትን ትንንሽ ድንኳኖች ገና ሲያያቸው ናቃቸው። "እማዬ፣ አንቺ፣ እኔ፣ ሚስቴ፣ ልጆቼ። ለዚህ ሁሉ ሰው የዕድራችን ድንኳን እያለ!" ብሎ የዕድሩን ንብረት ጠባቂ ለመነና ትልቁን ድንኳን ከነቋሚው፣ ከነአግዳሚ ወንበሩ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጫነው። በር ላይ የነበረው ጥበቃ ጭነቱን አየና "የመጣችሁት ልታድሩ ነው ልትሰፍሩ?" አለን።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው የደረስነው። ቦታው በእውነት ገነት ነው። ውሃው ድንጋዩን እየዞረ ይንሿሿል፤ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። ድንኳኑን ተከልን፣ አግዳሚዎቹን ዙሪያውን ደረደርን። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ አንዱ ጥግ ኩርምት አለች። አየሩንም፣ ዛፉንም፣ እኛንም አላየችም።

የሳምሶን ሚስት ድፎውን ልትቆርስ ስትል አንድ ጦጣ ከየት መጣ ሳይባል ከእጇ ነጥቋት ዛፍ ላይ ወጣ። እሷ እቴ! ደረቷን እየመታች "ኡ ኡ ኡ!" ብላ ጫካውን አቀለጠችው። ልጆቹም ተከትለው ጮሁ። እኔና ሳምሶን በሳቅ ፈረስን።

ብዙም ሳይቆይ ከማዶ ካለው መንደር ሰዎች በድልድዩ ሲሻገሩ አየን። መንገደኞች መስለውኝ ነበር። ቀጥ ብለው ወደ እኛ መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገና ከሩቁ ማልቀስ ጀመሩ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን እያወለቁ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ" እያሉ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አንዲት ሴት መሶብ ተሸክማለች፤ ሌላዋ በጀሪካን ጠላ ይዛለች።

ያኔ ገባኝ። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ኡኡታ! ሌላ ምን ሊመስላቸው ኖሯል? ሳምሶንን ላብ አጥምቆታል። "ንገራቸው እንጂ!" አልኩት በጆሮው። "አንቺ ንገሪያቸው!" አለኝ። ሚስቱ ሳቋ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ አፍና አቀረቀረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያየች ሴትዮ "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አልቅሺው፣ ይውጣልሽ" እያለች ጀርባዋን ትደባብሳት ጀመር።

እኔን የጨነቀኝ ግን የእማዬ ነገር ነው። ሞትን ትርሳ ብለን ያመጣናትን ሴትዮ ለቅሶ መሃል አስቀመጥናት! ከእንግዲህ ጭራሽ ከአልጋዋም አትነሳም ብዬ ዘወር አልኩባት። እሷ ለካ አንገቷን ቀና አድርጋ አንድ በአንድ እያየቻቸው ነው። አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል።

"አባቴ፣ የሞተውን ያውቁታል?" አለቻቸው።

"አላወቅነውም እናቴ። ድንኳን አየን፣ ኡኡታ ሰማን፣ መጣን። እንግዳ ሆናችሁ በሰው አገር ብቻችሁን ልታለቅሱ ኖሯል?" አሉና እንባቸውን ጠረጉ። "ለመሆኑ ማን ነው ያረፈባችሁ?"

እማዬ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፋ አደረገች።

"እኔ ነበርኩ" አለች። "ልሞት ነበር፤ ቀረሁ።"

ሳምሶን እየተንተባተበ የሐሞት ጠጠሩንም፣ የዕድሩን ድንኳንም፣ ጦጣውንም ዘረገፈው። ይቆጡናል ብዬ ጠበቅኩ። ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ጀመር። እሳቸው ሲስቁ ያ ሁሉ ለቀስተኛ ሳቀ። እማዬም ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "ኧረ ስፌቴ! ኧረ ስፌቴ!" እያለች፣ ጎኗን ይዛ ሳቀች።

"እንግዲያውስ እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት!" አሉ ሽማግሌው። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጠላው ተቀዳ፣ መሶቡ ተከፈተ። እማዬ ከወጡ ቀምሳ "በርበሬው ጥሩ ነው፤ ኮረሪማ ግን ያንሰዋል" ስትል እናቴ ተመለሰች አልኩ በልቤ።

ሲሰናበቱ የመሶቧ ባለቤት የእማዬን እጅ ያዘች። "እናቴ፣ ቀንዎ ሲደርስ ላኩብን። የትም ይሁን የት መጥተን እናለቅስልዎታለን" አለቻት። ከልቧ ነው።

እማዬ እጇን መንጭቃ "ኧረ ምን ያጣድፋችኋል? ገና ነኝ እኮ!" አለቻት።

እኔ ከድንኳኑ ጀርባ ዞሬ አለቀስኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አልቅሼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት እማዬ ከእኔ ቀድማ ሱቅ ገብታ አገኘኋት፤ ዘገየሽ ብላም ተቆጣችኝ። እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ልማድ አወጣሁ። መንገድ ላይ ድንኳን ተተክሎ ካየሁ የማን ነው ሳልል ጎራ እላለሁ። ለቅሶ ከሆነ ትንሽ ተቀምጬ፣ አጽናንቼ እወጣለሁ። ሰርግ ከሆነም ምን ይደረጋል፣ በልቼ እወጣለሁ።