ወደ አማት ቤት የሚወስደው መንገድ

ዶዘር ነጂውን የሥራ ጓደኞቹ «ጥድፌ» ይሉታል። ሌላው ገና ሞተር ሲያሞቅ እሱ ግማሹን ኮረብታ ገምሶ ይጠብቃል። ፈጣሪ ትዕግሥት ሲያድል እሱ ወረፋ አልጠበቀም መሰለኝ፤ ጉልበትና ሳቅ ግን ሞልቶ ተርፎታል።

ከተራራው ጫፍ ወዳለው መንደር መንገድ ይውጣ ሲባል ሥራውን ለምኖ ነው የወሰደው። አማቱ እዚያ ናቸው። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ሚስቱ ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር «እናቴ ብቻዋን!» እያለች ታለቅሳለች። መንገዱ ካለቀ አማቱን በመኪና ከተማ አምጥቶ አብረው ይኖራሉ፣ ሚስቱም ታርፋለች። ሐሳቡ ይኸው ነበር።

መጀመሪያ እንደ ልማዱ ሠራ። የቆረጠውን አፈር ሁሉ ወደ ቁልቁለቱ ይለቀዋል፤ የት እንደሚያርፍ ዞር ብሎም አያይም። አንድ ጠዋት አማቱ በብርጭቆ ውሃ ይዘው መጥተው ከዶዘሩ ፊት ቆሙ። ሞተሩን አጥፍቶ ዘሎ ወረደ።

«ደክሞሃል፣ ጠጣ» አሉት።

ውሃው ድፍርስ ነው፤ ከሥሩ ጭቃ ዘቅጧል። ግን አማት የዘረጉት እጅ እንዴት ይመለሳል? ዓይኑን ጨፍኖ ጨለጠው። አሸዋው ጥርሱ ላይ ሲንቀጫቀጭ የቀን ሠራተኞቹ በሳቅ ፍርስ አሉ።

«እማማ፣ ከየት የመጣ ውሃ ነው?»

«ከምንጫችን። አፈሩን ከላይ የምትልክልን አንተ አይደለህ?»

«ታዲያ መንገዱ ይቅር?»

«ማን ይቅር አለ! ድንቼ ገበያ መውረጃ አጥቶ ጓዳ ሙሉ እየበሰበሰ? መንገዱም ይምጣ፣ ምንጩም ይኑር። እንዴት እንደሆነ አንተ እወቅበት።»

አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። ያን ቀን ዶዘሩን አቁሞ ተራራውን በእግሩ ዞረው። ከመንገዱ መታጠፊያ ወዲህ ዛፍም ውሃም የሌለው ደረቅ ጉድባ አገኘ።

«አፈሩን እስከዚያ ወደ ኋላ ልትገፋ? አበድክ?» አለ ፎርማኑ።

«መኪኖቹስ የት ይዞሩልሃል? ጉድባው ሲሞላ ሜዳ ይሆናል።»

ፎርማኑ ራሱን አከከ። የመኪና መዞሪያ ቦታ ማጣት እንቅልፍ ነስቶት ነበር። «እሺ፤ የሚባክነው ቀን ግን ከዕረፍትህ ይቀነሳል» አለ።

ጥድፌ ዕረፍቱን ሰጠ። የቀን ሠራተኞቹ የጉድባውን አፍ በድንጋይ ካቡለት፤ እሱም ወደፊት እየቆረጠ ወደ ኋላ እየገፋ፣ እየተሳደበም እየዘፈነም ሞላው። ሥራው ተጓተተ፣ ምንጩ ግን ጠራ። ከእጅ ያመለጠ ሽንኩርት እንኳ ቁልቁል ተንከባሎ በሚቀርበት በዚያ መንደር ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ተገኘ። አፈሩ ገና ሳይጠቀጠቅ ልጆች ኳስ ጀመሩበት፤ ሽማግሌዎችም «እስቲ ቀጥ ብለን እንሂድበት» እያሉ ተንሸራሸሩበት።

መንገዱ በተከፈተ ዕለት ጥድፌና ሚስቱ ፒክአፕ ተከራይተው ወጡ። አማቱ ሜዳው ላይ ለብሰው አምረው ቆመዋል፤ አጠገባቸው ጆንያ ተደርድሯል።

«ጓዝዎ ይኼ ብቻ ነው?» አለ ጥድፌ፣ ጆንያውን እያነሳ።

«ድንች ነው። እሱ ይወርዳል፣ እኔ አልወርድም።»

ሚስቱ ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ መጣ። ጥድፌ ጆንያውን እንደታቀፈ ቀረ።

«እማማ! ታዲያ ይኼን ሁሉ መንገድ ለማን ነው የሠራሁት?»

«ለእናንተ ነዋ! እኔማ ድሮም እዚሁ ነኝ።»