ጾም የማያውቅ ወረቀት

ትናንት የልጄን እርሳስ ስቀርጽ የእንጨቱ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ እጄ ባለበት ቀረ። ነጻነት በመጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት፣ አስመራ ገና ጭፈራዋን ሳትጨርስ፣ ገዛ ባንዳ ሰፈር በነበረው ቤታችን እናቴም እንዲህ እርሳስ ትቀርጽ ነበር፤ በሽንኩርት ቢላዋ፣ ከንፈሯን ነክሳ።

እናቴ ለተብርሃን ያላየችውን የማታምን ሴት ነበረች። ገበያ ስትወርድ ሽንኩርቱን ልጣጩን ገልጣ ሳታይ ስለማትገዛ ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩዋት «መርማሪዋ መጣች» ይባባሉ ነበር። ይህች ሴት ግን ፊደል አልቆጠረችም፤ አያቴ ወንዶቹን ትምህርት ቤት ሲልክ እሷን ለወፍጮው አስቀርቶ በልጅነቷ ዳራት።

ደም ግፊት እንዳለባት የታወቀው ታናሽ ወንድሜን ከወለደች በኋላ ነው። ነርሷ በካርዷ ላይ «በየቀኑ ይወሰድ፣ በጾምም አይቋረጥ» ብላ ጻፈችላት፤ በቃልም ነግራት ይሁን አላውቅም፣ ወረፋው ረጅም ነበር። እኔ የዐሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ አነበብኩላት። የሰፈራችን ሴቶች ግን በጾም ክኒን ያቆማሉ፤ ጾሙ ራሱ ደሙን ያበርደዋል ይላሉ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ወረቀት ምን ጾም ያውቃል?» አለችኝ እየሳቀች።

ቢሆንም ነገሩ ሳይከነክናት አልቀረም። የመሠረተ ትምህርት ክፍል ሲከፈት ቀድማ ተመዘገበች፤ ካርዱን በገዛ ዓይኗ አንብባ እውነት ሆኖ ካገኘችው በጾምም ልትውጥ ምላ። ከቀትር በኋላ ሕፃኑን ለእኔ ትታ ደብተሯን በነጠላዋ ሸሽጋ ትሄዳለች፣ እኔ ደግሞ ጓደኞቼ ፌርማታው አጠገብ ገመድ ሲዘሉ በመስኮት እያየሁ በቅናት አርራለሁ። የሒሳብ ፈተና ስወድቅ በሕፃኑ አሳበብኩ፤ እያለቀሰ አላስጠና አለኝ አልኩ። ውሸት ነበር፣ እሱ እንደ ድንጋይ ሲተኛ እኔ ሹልክ ብዬ ወጥቼ ገመድ ስዘል ነበር።

በቀይ የተሠረዘውን ወረቀቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ያንቺ ይበልጣል» አለችና ደብተሯን ቁምሳጥኑ ላይ ሰቀለችው። «መ» ላይ ደርሳ ነበር። እኔ ደስ አለኝ፤ በማግሥቱ ገመዴን ይዤ ወጣሁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ክኒኑን አቆመች። ጾሙ ሳይጋመስ አንድ ጧት ግቢ ውስጥ አንሶላ ስትጨምቅ ወደቀች። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ አንደበቷም ተያዘ፤ ከዚያ ሁሉ ክርክሯና ቀልዷ የተረፈላት አንዲት «እወ»፣ አንዲት አዎንታ ብቻ ሆነች። ራበሽ ስንላት እወ፣ ጠገብሽ ስንላት እወ፣ ብርድ ነው ሙቀት ነው ስንላት ለሁለቱም እወ።

አራት ዓመት እንዲህ ኖረች። በመጨረሻዋ ክረምት፣ ብቻችንን ሳለን፣ የዚያን ቀን ውሸቴን ነገርኳት። ዓይኗን ከፊቴ ሳትነቅል ሰማችኝ።

«ይቅር ትይኛለሽ?» አልኳት።

«እወ» አለችኝ።