የኬሚስትሪ መምህሩ አጭር መንገድ

ያሰሩን ጭሮ ዳር ባለ አሮጌ የቡና መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት የጆንያ ሽታ ቀድሞ መጣ፤ ሰዎቹን ያየኋቸው ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ነው። እኔን ያመጣኝ የጻፍኩት ዜና ነው። ከጎኔ የተኛው ሰው የዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ መምህር ነበር። የታመሙ እናቱን ሊጠይቅ ወደ ጭሮ ሲመጣ ቦርደዴ ላይ ከአውቶብስ አወረዱት። ሻንጣው ውስጥ ባለ ስድስት ጎን ቅርጾችና ቀስቶች የተሣሉበት ወረቀት ተገኘ። የፈንጂ ነው አሉት።

ምን እንደሆነ ጠየቅሁት፤ የሙያ ልማድ ነው። ጣቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲሚንቶው ላይ ሣለልኝ። ከአንድ ዛፍ ልጥ የሚገኝ መድኃኒት አለ። ዛፉን ሳይቆርጡ በላቦራቶሪ መሥራት ይቻላል፤ ግን ደረጃው ብዙ ነው፣ በየደረጃውም ይባክናል።

«በጀሪካን የጀመርከው በማንኪያ ያልቃል» አለኝ።

ዓመታት የለፋው መንገዱን ለማሳጠር ነው። ሥዕሉን ሳይጨርስ መጀመሪያው ደረቀ።

አንድ ቀን ከሰዓት መርማሪው ጠራው፤ ሲመለስ ነገረን። የሚፈልጉት አንድ ተማሪውን ነበር። «ሥዕሉን ያዘዘኝ እሱ ነው» ካለ ነገ እናቱ ዘንድ ይገባል። ካላለ ሩቅ ቦታ ይዛወራል።

ከገለምሶ የመጡ ሽማግሌ የጫት ነጋዴ አብረውን ነበሩ። ነገሩ ቀለላቸው።

«አቦ መምህር፣ እዚህ እሺ በል፣ ፍርድ ቤት ስትደርስ ካደው። ወላሂ ሁሉም የሚያደርገው ነው።»

እኔም የተሻለ ምክር አልነበረኝም።

መምህሩ ስለ ሥራው ያወራ ጀመር። በሥራው መሀል እንዳይነካ የሚፈልጉትን የሞለኪውል ክፍል ለጊዜው በሌላ ነገር ይሸፍኑታል፤ ኋላ ሽፋኑን ያነሱታል።

«እና?» አሉ ሽማግሌው።

«መሸፈኑ አንድ ደረጃ፣ ማንሳቱ ሌላ ደረጃ። በሁለቱም ይባክናል አባቴ። አንዳንዴም አልነሳ ይላል። እኔ ፍርድ ቤት ደርሼ እስክክድ ልጁ ይታሰራል።»

«ይሄን ሁሉ ተምረህ አንድ ውሸት አቃተህ?» አሉት። ሰዉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

በማግስቱ ጠሩት። ሸሚዙን በእጁ አስተካክሎ ወጣ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ድምፁ ተሰማን።

«ሥዕሉ የኔ ነው። የመድኃኒት ነው። ያዘዘኝ የለም።»

ደግመው ጠየቁት። ቃል ሳይጨምር ደገመው።

ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ሽማግሌው አየር ከሚገባበት ከበሩ ሥር ምንጣፋቸውን አንስተው ቦታውን ለቀቁለት። እዚያ ተኛ። ብዙም ሳይቆይ ወሰዱት።

ከተፈታ በኋላ አንዴ ተገናኝተናል። ከስቷል። እናቱ ሳያያቸው አርፈዋል። ተማሪው የሆነውን ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«አያውቅም» አለኝ። «ትምህርቱን ይጨርስ።»

ዛሬም ዜና እጽፋለሁ፤ ይህን ግን ሳልጽፈው ቆየሁ። ልጁ ዘንድሮ ተመርቋል።