ያልታጠበው ሙሉ ልብስ

ስለ ታላቅ እህቴ የበጎ አድራጎት ድርጅት አመሠራረት በየዓመቱ የሚነገረውን ስሰማ ሳቄ ይመጣል። ራእይ አየች ይላሉ። የምን ራእይ! እትዬ ያየችው የአንድ ቀለም ቀቢ እድፋም ሸሚዝ ነው።

ያኔ የሆቴል ልብስ አጣቢ ነበረች። አንድ እሑድ፣ ሥራ አጥቶ አጥር ሥር የሚያድር ቀለም ቀቢ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ እኛ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሰው አፍንጫውን እየያዘ አንድ በአንድ ተነሣ። ምን እዋሻለሁ፣ እኔም ተነሣሁ። ሰውየው ስብከቱ ሳያልቅ ሹልክ ብሎ ወጣ። እትዬ ተከትላው ሄዳ፣ ለምን ልብስህን አታጥበውም ብትለው፣ "እስኪደርቅ ምን ልልበስ?" አላት።

በማግስቱ ሆቴሉ የጣላቸውን አሮጌ አንሶላዎች ለምና አመጣች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የቤታችን ጓዳ ቅዳሜ ቅዳሜ አንሶላ ተጠቅልለው ልብሳቸው እስኪደርቅ በሚጠብቁ ወንዶች ተሞላ። ባሌ ከሞተ ወዲህ አብረን ነበር የምንኖረው፤ ሁለት ብቸኛ ሴቶች፣ ጎረቤት ምን ይለናል ብዬ አፌ እስኪደርቅ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ! ሕጓ አንድ ብቻ ነበር፤ የተዋሰ አጥቦ ይመልስ።

እሷም ብትሆን የማትነካው አንድ ልብስ ነበረኝ። የባሌ ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ እሱ ከሞተ ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ሳይታጠብ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ኮሌታው የእሱን ጠረን ይዞ ቀርቶ ነበር፤ ትምባሆና የማሽን ዘይት። ሲናፍቀኝ ከፍቼ አሸትና እንዳያልቅብኝ ቶሎ እዘጋው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ሲወርድ ዋለ። እሑድ ጠዋት የቀለም ቀቢው ልብስ ገና ይንጠባጠባል። አንሶላውን ተከናንቦ አንገቱን ደፍቶ፣ ግድ የለም፣ ለሌላ እሑድ ይደርሳል አለ። አንጀቴን በላው። ከአግዳሚው የተነሣሁት ትዝ ሲለኝ ደግሞ በራሴ ተናደድኩ። ሣጥኑን ከፈትኩ። እስከ ምሳ ብቻ ነው አልኩት። የራሱን እርጥብ ልብስ ጠቅልሎ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ፊት ወንበር ተቀመጠ፤ ማንም አልተነሣም።

ለምሳ አልመጣም። ሰኞም ማክሰኞም የለም። ሸጦታል ብዬ እትዬን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኋት። ሐሙስ ዕለት የራሱን ልብስ ለብሶ፣ ሙሉ ልብሱን አጣጥፎ፣ በሁለት እጁ ይዞ መጣ።

"አልደርቅ ብሎኝ ነው የቆየሁት፣ እህቴ። ሦስት ጊዜ ነው ያጠብኩት።"

ኮሌታውን አፍንጫዬ ላይ ደፋሁት። ሳሙና። ሌላ ምንም የለም። እዚያው በር ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሰውየው ደነገጠ። "አበላሸሁት እንዴ?"

"የለም" አልኩት፤ "ንጹሕ ነው።"

ወደ ሣጥኑ አልመለስኩትም። ወንዶቹ ከሚቆዩበት ጓዳ ምስማር ላይ ሰቀልኩት፤ የቸገረው ይልበሰው ብዬ። የድርጅቱ የመጀመሪያ የውሰት ልብስ እሱ ነው። በኋላ ቤተ ክርስቲያኗ አዳራሽ ሰጠች፣ በሩ ላይም ትልቅ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ ይኼን ግን በዓመቱ ንግግር ላይ አያነሡትም።

ኮቱ ክርኑ አልቆ ሁለቴ ተጥፏል። የሚያጥበው ካጣ የማጥበው እኔ ነኝ። ውኃ ውስጥ ከመንከሬ በፊት ግን እስከ ዛሬ፣ ማንም ሳያየኝ ኮሌታውን አሸታለሁ። ሁልጊዜ የሌላ ሰው ጠረን ነው።