ከፎቶው ዳር

ካርቱም ሁለት ሰፈር ያለው ኢንተርኔት ቤታችን ዓርብ ጠዋት ጭር ይላል። እሷ የምትመጣው ያኔ ነው። እኩያዬ ትመስለኛለች። ሰማያዊ ቶቧን ተከናንባ ጥግ ያለው ኮምፒውተር ላይ ትቀመጣለች፤ አንገቷ ላይ ማተብ አለ። ስልኳ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

የምታየው ስካን ተደርገው ኢንተርኔት ላይ የተጫኑ የድሮ የሱዳን ጋዜጦችን ነው። ዜናውን አታነብም። የባለሥልጣኑን ፊትና የሚቆረጠውን ሪባን አልፋ የፎቶውን ዳር ዳር ትቃኛለች፤ ገበያ መሀል ልጅ እንደጠፋባት ሴት።

ባለፈው ዓርብ ጠራችኝ።

«ወንድሜ፣ ይቺን ፎቶ ሽዋያ፣ ትንሽ አሳድግልኝ።»

አሳደግኩላት። ከወንዙ ማዶ ያለው የባሕሪ ገበያ ነው። ከቆሙት ሰዎች ኋላ አንዲት ሻይ ሻጭ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች።

«እናቴ ናት» አለች። «ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አልነበራትም። ፖሊስ መልኬን ይይዘዋል ብላ ካሜራ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። አንድ ፎቶ እንኳ ሳትተውልኝ ሞተች።»

«ታዲያ በጀርባዋ እንዴት አወቅሻት?»

«እዚያ ጀርባ ላይ ነው እኮ ያደግኩት።»

ፎቶውን አትሜ ሰጠኋት። ካሁን በኋላ አትመጣም ብዬ ነበር። ዛሬ ግን እዚያው ጥግ ተቀምጣ ቀጣዩን ጋዜጣ ከፈተች።

«እህቴ፣ አገኘሻት አይደል? ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም።

«አንድ ቀን እንኳ ረስታ ወደ ካሜራው ዞር ብላ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ።»